ከኬራላ አይደለህም

ይድረስ ለአባዬ፣

ጋሽ ደረጀ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተማሩን የደብዳቤ አጻጻፍ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንተን ይህን መጠየቅ ነገር መፈለግ ስለሚመስልብኝ ዘልዬዋለሁ። «እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» የሚለውንም ዘልዬዋለሁ፤ ደህና አይደለሁማ። ከተለየኸን ዓመት ከስድስት ቀን ሆነ። ዓመቱን ሙሉ እግሬ አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ከትምህርት ቤት ስወጣ የመጣውን አውቶቡስ እሳፈርና እስከ መጨረሻው ሄጄ በዚያው እመለሳለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። እማዬ «ወይ ተቀመጪ፣ ወይ ሞፑን ያዢና ስትመላለሺ ወለሉን አጽጂልኝ» ትለኛለች።

ሌላም ችግር ጥለህብኝ ሄድክ። ድሮ ሰው አላምን ሲለኝ «አባዬ ይሙት!» ብዬ እምል ነበር፤ ወዲያው ነበር የምታመነው። አሁን በማን ልማል? ባለፈው ጓደኛዬ ፊት አምልጦኝ አልኩትና ሁለታችንም ክው አልን። ከዚያ እኔ ሳቄ መጣ፣ እሷ አለቀሰች።

በአማርኛ ለምን እንደምጽፍልህ ታውቃለህ። እንግሊዝኛ ይቀለኝ ነበር። በካንቶኒዝ ቻይንኛ ብጽፍልህ አንተም አታነበውም። ከፑንጃቢ እኔ «ብላ» እና «ዝም በል» ብቻ ነው የማውቀው። በአማርኛ ግን ሁለታችንም እኩል ተሰቃይተናል። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ ለሕፃን የተሠራ ወንበር ላይ ጉልበትህ አገጭህን ሊነካ ደርሶ «ሀ ሁ ሂ» ስትል ትዝ ይለኛል። እማዬ አላስገደደችህም። እንዲያውም ከሐበሻ ሴቶች ጋር ሆና ስታማህ እንዳትሰማ ብላ ባትማር ትመርጥ ነበር። ልጆቹ ሲስቁብህ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ እሱን ይቅር በለኝ። ፊደሉን ከእኔ ቀድመህ ጨረስክ። ጋሽ ደረጀ ግንባርህ ላይ የኮከብ ስቲከር ለጠፉልህ፤ አንተም እሱን ይዘህ በአውቶቡስ ቤት ድረስ መጣህ።

ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ተለውጧል። የሕንፃው ሱፐር፣ ጠባቂውም ጠጋኙም፣ ስለነበርክ ነበር የታችኛው አፓርትመንት የተሰጠን፤ አንተ ስትሄድ እሱም አብሮ ሄደ። አሁን እዚያው ፍሌሚንግደን ሰፈር፣ እዚያው ሕንፃ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ነን። አዲሱ ሱፐር ጨዋ ሰው ነው። ግን ሊፍቱ ሲቆም እንደ አንተ በቡጢ አይመታውም፤ ለካምፓኒው ኢሜይል ይጽፋል። ሊፍቱ ደግሞ ኢሜይል አያነብም።

ስልክህን እማዬ አላዘጋችውም። ሰዎች አሁንም ይደውላሉ። ስድስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ሲንኩ ተዘጋብኝ ብለው ሲደውሉ እማዬ «ሞቷል» ማለት አቃታትና «እሺ፣ መጣን» ብላ ዘጋችው። የመሣሪያ ቦርሳህን አንጠልጥላ ወረደች። ስትመለስ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ርሷል። «ቀላል ነው እኮ! ሰውዬው ለዚህ ነው ስንት ዓመት የተኮፈሰብኝ?» አለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ረጅም ሰዓት ቆየች።

ይህን ሁሉ የማወራህ ወደ ዋናው ነገር ላለመድረስ ነው። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ «ሊያ፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ» ትለኝ ነበር። እሺ። ጥፋት አጥፍቻለሁ።

ልብህ ሥራ ላይ እያለህ የቆመች ዕለት ቤታችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞላ። እድሩ እንዴት ፈጣን እንደሆነ አይተህ አታውቅም፤ አንተ ሁልጊዜ ወንበር ተሸካሚ እንጂ ባለ ለቅሶ ሆነህ አታውቅማ። ጋሽ ደረጀ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። የእድሩ ጸሐፊ እሳቸው፣ የፊደል አስተማሪ እሳቸው፣ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊና አንባቢም እሳቸው። አንተና እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ስንሰማቸው የኖርነው የሕይወት ታሪክ መቼም አንድ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የሚቀይሩት። ሁሉም ሟች «ደግ፣ ቅን፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ነው። በእሳቸው ንባብ መሠረት ቶሮንቶ ውስጥ ክፉ ሐበሻ ሞቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ የቀድሞውን ሟች ወረቀት ሲገለብጡ «የአምስት ልጆች አባት» የሚለውን ሳያጠፉት ቀርተው፣ ልጅ የሌላቸው ሰውዬ ሚስት ከለቅሷቸው ቀና ብለው በቁጣ ሬሳ ሳጥኑን ሲያዩት ክንዴን ቆንጥጠህ ከሳቅ አዳንከኝ።

እኔ ክፍሌ ገብቼ በር ዘግቼ ነበር። ጋሽ ደረጀ በሩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ከውጭ ሆነው «ሊያዬ፣ እናትሽን ማስቸገር አልፈለግሁም። አባትሽ ከሕንድ፣ ከኬራላ ነው አይደል?» አሉኝ።

ከየት እንዳመጡት አውቅ ነበር። ደሴ ሲማሩ የሂሳብ አስተማሪያቸው ሕንዳዊ ነበሩ፤ ሚስተር ቶማስ የሚባሉ፣ የኬራላ ሰው። በዚያ ዘመን የተማረ ሐበሻ ሁሉ አንድ ሕንድ አስተማሪ ነበረው፤ ሁሉም ደግሞ ቾክ ተወርውሮበታል። ጋሽ ደረጀ አንተን ያዩህ ቀን ሚስተር ቶማስን ያዩ መሰላቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ቲቸር» ነበር የሚሉህ። አንተም «አቤት ጋሼ» እያልክ ሂሳብ የማታውቀው ሰውዬ፣ ስለ አልጀብራ ሲያወሩህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር።

በሩን ከፍቼ «አይደለም» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር። የተወለድክበት «ሆንግ ኮንግ» ራሱ ሁለት ቃል ነው። ግን እንዲሄዱልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። «አዎ» አልኩ።

በማግስቱ ቀብርህ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ጋሽ ደረጀ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አቶ ያቆብ መሲህ በደቡብ ሕንድ በኬራላ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ብለው ጀመሩ። እማዬ እያለቀሰች አልሰማችም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ሆነህ ክንዴን የምትቆነጥጠኝ መሰለኝ። ቆሜ «ስህተት ነው» ልል ነበር፤ አፌ ተከፈተ፣ ልትጮህ ነው ብለው ሁለት ሴቶች ያዙኝ፤ በዚያው እየደገፉ አስቀመጡኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ዝም ብዬ ከራሴ ጋር እጣላ ነበር። ግን እኅትህ ፑፖ ሆንግ ኮንግ ሆና ቀብሩን በዙም እያየች ነበር፤ አጠገቧ እናትህ ተቀምጠው። እንዳለቀ ደወለችልኝ። «ያ ሽማግሌ ረጅም ነገር አነበበ፤ ምን አለ ስለ ወንድሜ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሕንድን በሕይወትህ አይተሃት አታውቅም። ቅድመ አያትህ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለእንግሊዞች የወህኒ ዘበኛ ሊሆን ከፑንጃብ የመጣበት መንደር ራሱ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ነው። ስለዚህ ተረጎምኩ ብዬ ፈጠርኩ። «ሆንግ ኮንግ፣ ካውሉን ተወለደ አሉ። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች አሉ። ካንቶኒዝ እንደ ውሃ ይናገር ነበር አሉ» አልኳት። ፑፖ እያለቀሰች ለእናትህ አንድ በአንድ አስተላለፈች። አያቴ የመለሱትን ፑፖ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፦ «እዚህ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አራት ትውልድ ኖረን ማን እንደሆንን አላወቁም። እነዚያ ሐበሾች እንዴት ደህና አድርገው አወቁት!»

አየህ አሁን ለምን መቀመጥ እንዳቃተኝ?

ከዚያ ባለፈው ወር ፑፖ ቴክስት ላከችልኝ። ለሙት ዓመትህ ቶሮንቶ ትመጣለች። የተነበበውን ወረቀትም ትወስዳለች፤ አያቴ በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው። «አንቺ አትድከሚ፣ ስልኬ ካሜራውን ሲደግኑበት ሁሉን ቋንቋ ይተረጉማል» የሚል ጨመረችበት። አባዬ፣ እኔ ቴክኖሎጂን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ልጃቸው «በኬራላ ተወለደ» የሚል ግድግዳ ሲያዩ ታየኝ። ልጃቸውን ከወለዱበት ከተማ የሚያስወጣው ወረቀት፣ በእኔ «አዎ»።

መጀመሪያ ለእማዬ ነገርኳት፤ ማለትም ግማሹን። «ጋሽ ደረጀ ተሳስተው ኬራላ ብለው አንብበዋል፤ ሙት ዓመቱ ላይ ተስተካክሎ ይነበብ» አልኳት። እማዬ ማንኪያውን አስቀመጠች። «አንዴ የተነበበ የሕይወት ታሪክ ተነበበ ነው። በአንቺ ምክንያት እኚህን ሽማግሌ ሰው ፊት ላዋርዳቸው? ለለቅሷችን ስንት የሮጡ ሰው! ደግሞስ ኬራላን ማን ነገራቸው?» አለች። «እኔ እንጃ» አልኩ። እንግዲህ ቁጠር፤ አንድ ለጋሽ ደረጀ፣ አንድ ለፑፖ፣ አንድ ለእማዬ።

ብቻዬን ጋሽ ደረጀ ቤት ሄድኩ። እንዴት አድርጌ እንደማታልላቸው በአውቶቡስ ስለማመድ ነው የሄድኩት። ሻይ አቀረቡልኝ፣ ስለ ውጤቴ ጠየቁኝ፣ «ሂሳብስ?» አሉ፤ ሻዬን ፉት ስል «የአባትሽን ጭንቅላት ብትወርሺ!» አሉኝ። ነገሩን ሳነሳ ፊታቸው ተለወጠ። ተነሥተው አንድ ፋይል አመጡ። የእያንዳንዱ ሟች ረቂቅ ወረቀት በተራ ተቀምጧል። ያንተን አወጡ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ ከኬራላ አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ልጅቷ አረጋግጣለች» ይላል።

«እኔ ሰው ሳልጠይቅ አልጽፍም፣ ሊያ» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የማላውቀው ለቅሶ መጣብኝ። ቀብርህ ላይ ያላለቀስኩትን እዚያ ሶፋቸው ላይ አለቀስኩት። የሶፋቸው ፕላስቲክ ገና ስላልተነሣ እንባዬ እየተንሸራተተ ወለል ላይ ወረደ።

ሲያቆምልኝ «ታዲያ ማን ነው እሱ?» አሉኝ። «ንገሪኝ። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ሻይ ጠጥቻለሁ።»

ነገርኳቸው። ዓሣ ልንገዛ ቻይና ግሮሰሪ ስንሄድ የሆነውን ነገርኳቸው። በካንቶኒዝ ስታዝዝ ዓሣ ቆራጩ ቢላውን ይዞ ደርቆ ይቀራል፣ ባልደረቦቹን ይጠራል፣ «ከየት ነህ?» ይልሃል፣ «ከሆንግ ኮንግ» ትለዋለህ፣ «እሺ፣ ግን በእውነት ከየት ነህ?» ይልሃል። ከዚያ መንገድ ተሻግረን ሕንድ ሱቅ ስንገባ በፑንጃቢ ታወራለህ፣ ልጁ «አጎቴ፣ እንዴት ነው የምታወራው?» ብሎ ይስቅብሃል። እሑድ ደግሞ ሐበሾቹ «ሕንዱ መጣ!» ይላሉ። በሦስት ቋንቋ የሚሳቅበት አባት እኔ ብቻ ነኝ ያለኝ ብዬ እኩራራ ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ዓሣ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ ጽሑፍ አይቼ «ምን ይላል?» ያልኩህንም ነገርኳቸው። «አላነበውም» አልከኝ። የምትቀልድ መስሎኝ እጅህን ጎተትኩ። ዓሣውን እንደያዝክ ቁጢጥ ብለህ ዓይን ዓይኔን እያየህ ነው የነገርከኝ። ያንተ ዓይነት ልጆች ለብቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንደነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖህ የምትማረው የቻይንኛ መጽሐፍ ሥዕሉ ዳክዬና ኳስ እንደነበር፤ ፖሊስ ለመሆን ስትፈተን በቃል አንደኛ ወጥተህ በጽሑፍ እንደወደቅህ። በኋላ የሕንፃ ዘበኛ ሆነህ የነዋሪዎቹን ደብዳቤ ስታድል ስማቸውን እንደ ፊት ነበር የምትለየው። «የአራተኛ ፎቁ ጣሪያው የተቀደደ ቤት ይመስላል፤ የሰባተኛው ሁለት እግሩን የከፈተ ሰው» እያልክ። አንድ ቀን እንኳ ግን አልተሳሳትክም። ጋሽ ደረጀ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምንድን ነው ታዲያ ፊደል ሊማር ሲመጣ ያልነገረኝ?» አሉ። «ሚስቴ ስለምትናገረው ነው ያለኝ።»

ለእኔ ነግረኸኝ ነበር። «አብሬው የምኖረውን ሰው ቋንቋ ሳላነብ ሁለተኛ አልኖርም» ነበር ያልከኝ። እሱንም ነገርኳቸው።

ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ አመጡ። «አሥራ አምስት ዓመት ቲቸር፣ ኬራላ እያልኩ ስቀባጥርበት ለምን አንድ ቀን አላረመኝም?» ይህንንም አንድ ቀን ጠይቄህ ነበር፤ መኪና ውስጥ። አንተ የመለስክልኝን እንዳለ ነገርኳቸው፦ «እዚያ ሰዎች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነበር። ጋሽ ደረጀ ግን ሲያየኝ የሚወደው ሰው ነው የሚያየው። ከዚህ ፊት ላይ ያንን እንዴት ልውሰድበት?»

ጋሽ ደረጀ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የድሮ የክፍል ድምፃቸውን አውጥተው «ያጠፋ ነው የሚያርም። ሙት ዓመቱ ላይ አንቺ ታነቢያለሽ። ራስሽ ትጽፊያለሽ፣ በአማርኛ፤ ሆሄው እንዳይገደፍ» አሉኝ። ሴት ልጅ፣ ያውም የአሥራ ሰባት ዓመት፣ በእድሩ ታሪክ የሕይወት ታሪክ አንብባ አታውቅም ብል «ሕንድ ያልሆነ ሕንድም ቀብረን አናውቅም ነበር» ብለው በር ከፈቱልኝ።

ለእማዬ ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ፤ አባትሽ እያንሾካሾከ ኖሮ ነው የሞተው» አለች።

ፑፖ በሁለት ሻንጣ መጣች። አንዱ ሙሉ ምግብ ነው፤ ካናዳ ምግብ የሌለ መስሏታል። ከእማዬ ጋር የማን ቃሪያ ያቃጥላል በሚል ሁለት ቀን ኩሽና ውስጥ ተፋጠጡ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ «ኖ ኖ፣ ኢት ኢዝ ማይልድ» ይባባላሉ፤ አያቃጥልም መሆኑ ነው። ብትኖር በመሐል ገብተህ ሁለቱንም ትበላና ትታመም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ደረጀ ማይኩን አስተካክለው ሰጡኝና ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እስክሪብቶ ይዘው፤ ሰውዬው የሆሄ ስህተት ሊለቅሙ ነው እኮ! «ባለፈው ዓመት በአባቴ ቀብር ላይ የተነበበው ታሪክ ስህተት ነበር» አልኩ። አዳራሹ ወደ ጋሽ ደረጀ ዞረ። «ጋሽ ደረጀ ጠይቀውኝ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» እንደገና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንገታቸውን የሚያማቸው ስንት እንደነበሩ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ አነበብኩህ። «አቶ ያቆብ መሲህ ከአባታቸው ከአቶ ኢማኑኤል መሲህ ከእናታቸው ከወይዘሮ ግሬስ፣ በሆንግ ኮንግ ከተማ፣ ካውሉን በሚባለው ሰፈር፣ ሆስፒታል ውስጥ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርቱ ለእሳቸው አልደረሰም። የሚኖሩበትን ከተማ ቋንቋ እንደ ተወላጅ ይናገሩ ነበር፤ ተወላጅ ነበሩና። ቤት ሊከራዩ በስልክ ሲደውሉ ‹ና፣ ቤቱ ባዶ ነው› ይባሉ ነበር፤ በአካል ሲሄዱ ‹አሁን ተይዟል› ይባሉ ነበር። ስድስት ቤት እንዲህ ተይዞባቸዋል።» እዚህ ላይ ከኋላ አንድ ሰውዬ «እዚህም አለ እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ሚስቱ «እስኪ ዝም በል፣ ስለ አንተ አይደለም» አለችው። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ትንፋሽ አገኘሁ።

«ደግ፣ ቅን፣ እንግዳ ተቀባይ» አላልኩም። «ሊፍት በቡጢ ይመቱ ነበር፤ ሊፍቱም ይሄድ ነበር። ሲበሳጩ በካንቶኒዝ ይሳደቡ ነበር፤ እኛ ዘፈን ይመስለን ነበር። ወንበር ያመጡ ነበር፣ ለራሳቸው ግን አይተርፋቸውም ነበር» አልኩ። «ሕንዱ ትሉት ነበር፤ አልተቆጣችሁም። ግን ሕንድ አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ እንድታውቁት ነው» ብዬ ጨረስኩ። ይህችን «አልተቆጣችሁም» ያልኳት አምልጣኝ ነው፤ ጋሽ ደረጀ ግን ወዲያው ቀና ብለው «አልተቆጣም! አልተቆጣችሁም አይደለም!» ብለው ከመቀመጫቸው አረሙኝ። ጭብጨባ በሙት ዓመት ላይ ነውር ነው ይላሉ። የሆነ ሆኖ አንድ ሁለት እጅ ተጨበጨበ፤ አንደኛው የእማዬ ነበር።

ወደ ፑፖ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ሰጠኋት፣ ስልኳን እንዳታወጣ እጇን ያዝኳት፣ ባለፈው ዓመት የዋሸኋትን ነገርኳት፤ ከዚያ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረጎምኩላት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ፊቷን እሸሽ ነበር። «ሆስፒታል ውስጥ ተወለዱ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ሆስፒታል? ማን ነው ሆስፒታል ያለሽ?»

«አባዬ ነዋ! የልደት ወረቀቱም እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳት።

ፑፖ ሳቀች። አባዬ፣ ሳቋ ያንተ ሳቅ ነው፤ ያንን ማንም አልነገረኝም ነበር። ስምንት ዓመቷ ነበር አለች። እናትህ ምጥ ይዟቸው ወደ ሆስፒታል ለመሻገር ጀልባ ላይ ተሳፍረው ነበር። መሐል ባሕር ላይ ደረስክ። ሰዉ ሁሉ ወደ ሌላው ጎን ሸሸ፤ ጀልባዋ ያጋደለች መሰላት አለች። አንዲት ዓሣ ሻጭ ብቻ ቅርጫቷን አስቀምጣ መጣች፣ ሽርጧን ፈትታ አነጠፈች፣ በዚያ ተቀበለችህ። ፑፖ የእናቷን ጫማ ይዛ ቆማ ነበር። አያቴ ግን በሕዝብ ፊት መውለዳቸው አሳፍሯቸው ለጸሐፊው «ሆስፒታል» አሉት። ፑፖንም አስማሏት፤ አንተም ሳትሰማው ሞትክ።

ጋሽ ደረጀ ከፊት ሆነው ሁለታችንን ሲያዩ ቆይተው «ምን አለች?» ብለው በእጃቸው ጠየቁኝ። ወረቀቱን ከፑፖ ተቀብዬ ሄድኩና «ጋሼ፣ አሁንም ስህተት አለበት» አልኳቸው። «አሁንም!» አሉ፤ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ከፊቴ ከወረቀቱ ላይ ሆስፒታል የሚለውን ሰረዙት። ከላዩ ምን እንደሚጽፉ ጠየቁኝ። የዓሣ ሻጯን ስም ፑፖ አታውቀውም። ስለዚህ «በጀልባ ላይ፣ ስሟ ባልታወቀ ሴት ሽርጥ ላይ» ተባለ። ፑፖ የተሰረዘበትን እንዳለ ይዛ ሄደች፤ አያቴ በፍሬም አድርገው እንዲሰቅሉት፣ ወይ እንዲቆጡ።

አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ቀብር ላይ ሁሉም ሰው ይለዋል፣ ምሳ ሲቀርብ ይረሳዋል። እኔ የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። በየዓመቱ ሙት ዓመትህ ሲደርስ ያወቅሁትን ሁሉ ይዤ እቆማለሁ፤ የተሳሳትኩትን እሰርዛለሁ፣ ያጣሁትን እጠይቃለሁ። የሚያውቁህ ሰዎች እስካሉ ድረስ ሁሉንም አስጨንቃቸዋለሁ። ሰዉ ደክሞት «ይህ ሰውዬ ስንቴ ይወለዳል?» እስኪል ድረስ።

ልጅህ ሊያ